ሰማንያው ከተቀደደ በኋላ፦ የፍቺ መዝገባችሁ የት ነው?

አማርኛችን ፍቺን «ሰማንያ መቅደድ» ይለዋል። የጋብቻ ውሉ የተጻፈበት ወረቀት ተቀደደ ማለት ትዳሩ ፈረሰ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ ሰነድ የለም። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ሰው የሚፋታው ወረቀት ቀዶ ሳይሆን ወረቀት ተቀብሎ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው ዳኛው ውሳኔውን ሲያነቡ ይሰማና እፎይ ብሎ ከችሎት ይወጣል፤ ታክሲ ይይዛል፤ ወረቀቱ መዝገብ ቤት ይቀራል።

ለዓመታት ምንም ላይመጣ ይችላል። አንድ ቀን ግን ቤት መሸጥ፣ እንደገና ማግባት፣ ልጅ ይዞ ውጭ መውጣት ወይም ብድር መጠየቅ ይመጣል፤ ከመስኮቱ ኋላ ያለው ሠራተኛም «የጋብቻ ሁኔታ?» ይላል። «ተፋትቻለሁ» ማለት መልስ አይሆንም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬን የገጠማት ይኸው ነው። ጀሞ ያላትን ኮንዶሚኒየም ለመሸጥ ገዢ አገኘች፣ በዋጋ ተስማሙ፣ ገዢው የባንክ ብድሩን አስፈቀደ። ውሉን ሊፈራረሙ ሲሉ የፍቺዋን ማስረጃ ተጠየቀች። ከተፋታች 6 ዓመት ሆኗታል። ግልባጭ አልወሰደችም፤ የመዝገቡን ቁጥር አታስታውስም፤ ያኔ ላፍቶ ትኖር ስለነበር መዝገቡ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ምድብ ይሆናል ብላ እዚያ ሄደች፤ የለም። የገዢው ብድር ደግሞ የጊዜ ገደብ አለው። በመጨረሻ ያላሰበችውን አደረገች፤ ለ4 ዓመት ድምፁን ያልሰማችውን የቀድሞ ባሏን ደወለችለት። እሱ ግልባጩን ከነማኅተሙ በላስቲክ ሸፍኖ አስቀምጦታል። ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከላት፤ ከላይ የመዝገቡ ቁጥርና የምድብ ችሎቱ ስም ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ወረቀት አትጥዪ እያለ ነበር ስንጣላ የኖርነው» ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ የራሷን ግልባጭ ለማውጣት የፈጀባት ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ገዢው ግን እስኪያገኙት ድረስ ሁለት ጊዜ ሊሄድባት ነበር።

እኔ የተማርኩት ቢዝነስ ነው፤ እንጀራዬም ማርኬቲንግ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ክርክር ያለበት ጉዳይ የያዘ ሰው ጠበቃ ያማክር። እዚህ የማወራው ቀድሞውኑ የተወሰነ ፍቺ መዝገቡ የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚጠየቅ ነው። ከእሷ ጋር ስዞር ያየሁትን፣ ከዚያ በኋላም ጠይቄ የተረዳሁትን ነው የማካፍላችሁ።

«የፍቺ ወረቀት» የቱ ነው?

በየቤታችን በዚህ ስም የሚጠራው ነገር ሦስት ዓይነት ነው፤ ግራ መጋባቱም ከዚህ ይጀምራል።

አንዱ ሽማግሌዎች ፊት የተጻፈ ስምምነት ነው። ባልና ሚስት ፈርመውበታል፣ ሦስት አራት ምስክር አለበት፣ አንዳንዴ ንብረቱም ልጆቹም ተከፋፍለውበታል። ሁለተኛው የፍርድ ቤት ውሳኔ ግልባጭ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ውሳኔውን አይቶ የሚሰጠው የፍቺ ምስክር ወረቀት ነው። ትዳሩን የሚያፈርሰው ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው መፍረሱን ይመሰክራል። የመጀመሪያው፣ በዛሬው ሕግ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ እስካልጸደቀ ድረስ ፍቺ አይደለም።

«በዛሬው ሕግ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ሥልጣን ወሰደና ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። ስለዚህ የእናት የአባታችሁን የፍቺ ሰነድ የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ ዓመቱን አጣሩ። ከ1992 በፊት ከሆነ የምትፈልጉት ነገር የሽማግሌዎቹ የውሳኔ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ ቤት የሚገኘው መዝገብም ይግባኝ ወይም የንብረት ክርክር ከተነሳ ብቻ የተከፈተ ሊሆን ይችላል። የአያት ሣጥን፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ገጾች መሀል፣ የድሮ የቤት ካርታ የተቀመጠበት ፖስታ፣ እነዚህን ሳትፈትሹ ወደ መዝገብ ቤት አትሂዱ።

ከ1992 ወዲህ ከሆነ ግን ሽማግሌ ብቻውን አይበቃም። ይህን ደጋግሜ የምለው ሳሪስ አካባቢ የማውቃቸው አንድ እናት ስላሉ ነው። ከባላቸው ጋር በሽማግሌ ተለያይተው፣ ወረቀት ተጽፎ፣ እሱ ሌላ ትዳር መሥርቶ ልጆች ወልዶ ኖረ። ፍርድ ቤት ማንም አልሄደም። ሰውየው ሲሞት ሁለት «ሚስቶች» አንድ ቤት ላይ ተገናኙ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን አዲስ ሕይወት የመሠረቱ ባልና ሚስት ትዳራቸው በተግባር እንደፈረሰ ሊቆጠር ይችላል ብሎ የወሰነባቸው ጉዳዮች አሉ። ግን ያንን ለማስረዳት ምስክር መቁጠር፣ መቼ ተለያዩ፣ ማን ከማን ጋር ይኖር ነበር እያሉ የሰው ጓዳ መፈተሽ ግድ ይላል። ሟች ደግሞ አይመሰክርም። እኒህ እናት እስካሁን ቀጠሮ ይመላለሳሉ። የሽማግሌ ስምምነት በእጃችሁ ካለና ፍርድ ቤት ካላደረሳችሁት፣ የምትፈልጉት መዝገብ ገና አልተከፈተም ማለት ነው፤ ሁለታችሁም በሕይወት ሳላችሁ፣ ተስማምታችሁም ከሆነ፣ በስምምነት ፍቺ ማመልከት ይቻላል። ሕጉ በስምምነት ለሚፋቱ ሰዎች ለምን እንደተፋቱ ምክንያት እንዲዘረዝሩ አያስገድድም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ጓዳዬ አደባባይ ይወጣል ብሎ የሚፈራ ሁሉ ይስማ።

የትኛው ፍርድ ቤት?

በአዲስ አበባ የፍቺ ጉዳይ የሚታየው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ብዙ ሰው ወደ ከተማው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ እነሱ የወራሽነት ማስረጃና የመሳሰለውን ስለሚሰጡ የፍቺም እዚያው ይመስለዋል። ሰሌዳው ላይ «ፌዴራል» የሚለውን አይታችሁ ግቡ። የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት በየክፍለ ከተማው ምድብ ችሎቶች አሉት፦ ልደታ፣ አራዳ፣ ቂርቆስ፣ ቦሌ፣ የካ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ኮልፌ፣ አቃቂ እያለ ይሄዳል። እኛ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰዎች፣ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ከመካኒሳ እስከ ሀና ማርያም ያለን፣ መዝገባችን ሁሉ እዚሁ ምድብ ያለ ይመስለናል። መዝገብ ግን የሚከተለው ሰውን ሳይሆን የተከፈተበትን ችሎት ነው። ያኔ አመልካቹ ማን ነበር? ሌላኛው ወገን የት ይኖር ነበር? ጠበቃው የት ከፈተው? የባልደረባዬ መዝገብ የተገኘው ባሏ ያኔ በተከራየበት በቂርቆስ በኩል ነው።

ጋብቻው በሸሪዓ የተፈጸመ ከሆነና ሁለቱም ወገኖች በሸሪዓ ለመዳኘት ፈቅደው ጉዳዩ በዚያ ካለቀ፣ መዝገቡ ያለው በፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። እነዚህ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የራሳቸው የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ እርከን አላቸው፤ ግልባጩም የሚወጣው ከዚያው ነው። ፍቺው ክልል ውስጥ ከተወሰነም እንደዚያው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ አማራ ክልል ለምሳሌ አዋጅ ቁጥር 79/1995ን ያወጣው ለዚህ ነው። ባሕር ዳር ወይም ደሴ የተፋታ ሰው አዲስ አበባ ቢኖር እንኳ መዝገቡን የሚያገኘው ያኔ በወሰነው ፍርድ ቤት ነው፤ ልደታ ቢመላለስ ጫማ መጨረስ ነው።

ቁጥሩ ከጠፋባችሁ

የፍርድ ቤት መዝገብ ስሙ ቁጥሩ ነው። ውሳኔው ላይ ከላይ «የመ/ቁ» ብሎ የሚጀምረው ማለት ነው። ቁጥሩን ከያዛችሁ ሥራው አለቀ። ከሌላችሁ በቤታችሁ የቀረውን የፍርድ ቤት ወረቀት ሁሉ ገልብጡ፦ መጥሪያ፣ የቀጠሮ ወረቀት፣ የዳኝነት ክፍያ ደረሰኝ፣ የቀለብ ትዕዛዝ፣ ለመሥሪያ ቤት የተጻፈ የደመወዝ ቁረጡ ደብዳቤ። አንዱ ላይ ቁጥሩ አይጠፋም። ጠበቃ ከነበራችሁ ደውሉ፤ ጠበቆች የደንበኛ ፋይል ቶሎ አይጥሉም። የቀድሞ ባል ወይም የቀድሞ ሚስት ደግሞ፣ ቅር ቢልም፣ ከሁሉ የቀረበ መዝገብ ቤት ነው።

ይህ ሁሉ ካልሆነ በስም ማስፈለግ ነው። የሁለቱም ወገን ስም እስከ አያት፣ ዓመተ ምሕረቱና ከተቻለ ወሩ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የፊደላችን ጉዳይ ይመጣል። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፤ ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ፤ ሠናይት፣ ሰናይት፤ ዓለሙ፣ አለሙ። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያየ ሰው ነው። መዝገብ የከፈተው ጸሐፊ በየትኛው «ሀ» እንደጻፈው አታውቁም። ስለዚህ ሊሆኑ የሚችሉትን አጻጻፎች ሁሉ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱና ሠራተኛዋን «በዚህም ብትሞክሪልኝ» በሏት። «የለም» የተባለ መዝገብ በሌላ ፊደል ሲገኝ በዓይኔ አይቻለሁ። የድሮ መዝገቦች ደግሞ በእጅ በተጻፈ መዝጊያ ደብተር ላይ ናቸው፤ እዚያ ውስጥ ዓመቱን በትክክል መያዝ ከስሙ ይበልጣል። ውጭ የኖረ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓመቱን በፈረንጅ ይናገራል፤ 2010 ሲላችሁ የማን 2010 እንደሆነ ጠይቁት።

ሌላው ብዙዎች የማይጠብቁት ነገር፣ አንድ ፍቺ አንድ መዝገብ ብቻ ላይኖረው መቻሉ ነው። ፍቺው በአንድ ቁጥር ተወስኖ የንብረት ክፍፍሉ በሌላ ቁጥር ሊከፈት ይችላል። ውሳኔው በግድ እንዲፈጸም ከተጠየቀ የአፈጻጸም መዝገብ የራሱ ቁጥር አለው። ይግባኝ ከተባለ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሌላ ቁጥር ሰጥቶታል፤ ውሳኔውንም አሻሽሎት ሊሆን ይችላል። ቤት ልትሸጡ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ፍቺውን ብቻ ሳይሆን ቤቱ ለማን እንደደረሰ የሚናገረውም ውሳኔ ነው። በሕጋችን በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የጋራ ቤት ደግሞ ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ገዢ የሚፈራው ይህን ነው፤ ልክም ነው።

መስኮቱ ላይ

ስትሄዱ መታወቂያ ያዙ። ማመልከቻው አጭር ነው፦ ቀን፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የተከራካሪዎች ስም፣ «የውሳኔው ትክክለኛ ግልባጭ ማኅተም ተደርጎበት እንዲሰጠኝ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገርና ፊርማ። ራሳችሁ ልትጽፉት ትችላላችሁ፤ በር ላይ ያሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎችም ፎርሙን ያውቁታል። «መዝገቡን እኔ አወጣልሻለሁ፣ አንቺ ቤትሽ ተቀመጪ» የሚል ሰው ከመጣ ግን እለፉት። የምትከፍሉት ለግልባጩ ነው፤ ደረሰኝ አለው።

ምን እንደምትፈልጉ በግልጽ ተናገሩ። «መዝገቡን» ካላችሁ የሚመጣላችሁ ወፍራም ፋይል ነው፤ አቤቱታው፣ መልሱ፣ የጋብቻ ማስረጃው፣ የሽማግሌ ሪፖርቱ፣ የተላለፉ ቀጠሮዎች። ለሻጭም ለኤምባሲም የሚያስፈልገው ውሳኔው ነው። በስምምነት ለተፋታችሁ ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ውሳኔው «ያቀረቡት ስምምነት ጸድቋል» ብቻ ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ልጁ ከማን ጋር እንደሚሆን፣ ቤቱ ለማን እንደደረሰ የተጻፈው ከአቤቱታው ጋር በተያያዘው ስምምነት ላይ ነው። ውሳኔውን ያለ ስምምነቱ ይዞ መውጣት ቁልፉን ያለ በሩ መውሰድ ነው። ሁለቱንም፣ በሁለቱም ላይ ማኅተም ተደርጎ፣ ጠይቁ።

መዝገቡ ከቆየ ቁጭ ብሎ አይጠብቃችሁም። የውሳኔዎች መጨረሻ ላይ «መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ተመልሷል» የሚል ትዕዛዝ ታያላችሁ፤ ያ ማለት ከችሎቱ ወጥቶ ተከማችቷል ማለት ነው። «ነገ ተመለሱ» ሊባል ይችላል። ያመለከታችሁበትን ቀንና የተናገራችሁትን ሠራተኛ የሥራ ክፍል ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ ስትመለሱ ሀ ብላችሁ አትጀምሩም። ካልተገኘ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ከመሄድ ለሬጅስትራሩ በጽሑፍ አመልክቱ፤ በቃል የተነገረ «የለም» ማስረጃ አይሆንም።

ግልባጩ በእጃችሁ ሲገባ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ስማችሁ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ነው? ቀኑ ተነቧል? እያንዳንዱ ገጽ ማኅተም አለው? ቀኑን በተለይ እዩት፤ ለሴቶች ጣጣ አለው። የቤተሰብ ሕጉ ሴት ትዳሯ ከፈረሰ በኋላ 180 ቀን ሳይሞላ እንዳታገባ ይላል፤ ከወለደች፣ የቀድሞ ባሏን መልሳ ካገባች፣ ነፍሰ ጡር አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ወይም ፍርድ ቤት ከፈቀደላት ግን መጠበቁ ይቀራል። ቆጠራው የሚጀምረው ትዳሩ ከፈረሰበት ቀን ነው፤ ከቤት ከወጣችሁበት ቀን አይደለም። (ወንዱ ለምን 180 ቀን አይጠብቅም የሚለው ጥያቄ ለሌላ ወር ይቆየን፤ የምለው አለኝ።)

ልጆች ካሉ ደግሞ የመጨረሻውን ትዕዛዝ ጠይቁ። የአሳዳሪነትና የቀለብ ውሳኔ ሁኔታ ሲለወጥ ፍርድ ቤቱ ሊያሻሽለው የሚችል ነው፤ የ5 ዓመት ውሳኔ ይዛችሁ ሄዳችሁ ባለፈው ዓመት የተሻሻለው ሌላ እጅ ውስጥ ቢገኝ አሳፋሪ ነው።

ማን ይጠይቃል?

አንዲት አንባቢ «ላገባው ያሰብኩት ሰው ተፋትቻለሁ ይላል፤ እውነት መሆኑን ከፍርድ ቤት ማጣራት እችላለሁ ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች። አሜሪካ ቢሆን ቀላል ነበር። እዚያ የፍቺ መዝገብ የሚያዘው በአብዛኛው በየካውንቲው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ዘንድ ነው፤ በብዙ ግዛቶችም ማንኛውም ሰው ስም ሰጥቶ መዝገብ መኖሩን መጠየቅ ይችላል። እኛ ጋ የሚጠበቀው ባለጉዳይ ነው፦ ከተፋቺዎቹ አንዱ፣ በውክልና የመጣ ሰው፣ ጠበቃ፣ አንዱ ከሞተም የወራሽነት ማስረጃ የያዘ ልጅ። ከዚህ ውጭ ያለ ሰው ለምን እንደፈለገው ማስረዳትና ማስፈቀድ ይኖርበታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል፤ የፍቺ ፋይል ውስጥ ደግሞ የሰው ገመና አለ። እኔ በዚህ እስማማለሁ። የሚገርመው፣ ጉዳያቸው ሰበር ችሎት ደርሶ በቅጽ ከታተሙ ውሳኔዎች መሀል የገባ ሰዎች ስማቸው ከነታሪካቸው በመጽሐፍ ይገኛል።

ስለዚህ ለአንባቢዬ መልሴ፦ እሱን ራሱን ግልባጩን አምጣ በይው። ማውጣት የሚችለው እሱ ነው፤ ቀላልም ነው። ፍቺው ሳይወሰን ሌላ ጋብቻ መፈጸም ሕጉ የሚከለክለው፣ በወንጀልም የሚያስጠይቅ ነገር ነው፤ የምትጠይቂው የእምነት ማጣት ምልክት አድርጎ ከወሰደው፣ ስለ ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰውየውም አንድ ነገር አውቀሻል።

ውጭ ላላችሁና ውጭ ለተፋታችሁ

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሌላ ቦታ ሆኖ እዚህ የተወሰነ ፍቺውን የሚፈልግ ሰው መምጣት አይጠበቅበትም። ባለበት አገር ካለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ይሰጣል፤ ውክልናው እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ያልፋል፤ ተወካዩ በዚያ ያመለክታል። የውክልናው ቃል ላይ «መዝገብ ለማስወጣትና ግልባጭ ለመቀበል» የሚል ይኑርበት፤ ቤት ለመሸጥ ብቻ የተሰጠ ውክልና መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ያስቆማል። ለአሜሪካ የትዳር ጓደኛ ማመልከቻ የሚያስገቡ ሰዎች የቀደሙ ጋብቻዎች ሁሉ መፍረሳቸውን እንዲያሳዩ ይጠየቃሉ፤ ግልባጩ ተተርጉሞና ተረጋግጦ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ከአንድ በላይ ማኅተም ያለው ግልባጭ ብታወጡ አትጸጸቱም።

በተቃራኒው እዚያ የተፋታ ሰው፣ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ከሆነ፣ ሰነዱን የሚጠይቀው ፍቺውን የወሰነውን የካውንቲ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ ከሆነ የዲሲ ሱፒሪየር ፍርድ ቤትን። ያ ውሳኔ እዚህ ያለ ቤት ላይ እንዲፈጸም ከተፈለገ ግን በቀጥታ አይሠራም፤ የውጭ አገር ፍርድ እንዲፈጸም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ያለ ጠበቃ አትሞክሩት።

ግልባጩን ካገኛችሁ በኋላ አንድ ጉዞ ይቀራል፤ አጭሩ እሱ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ፍቺም እንደ ልደትና ጋብቻ እንዲመዘገብ ያዛል፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው በሐምሌ 2008 መጨረሻ ነው። ጊዜው 30 ቀን ነው። ያለፈባችሁም ዘግይቶ ማስመዝገብ ስላለ ወረዳችሁ ያለውን የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ካስመዘገባችሁ በኋላ የጋብቻ ሁኔታችሁ በነዋሪነት ፋይላችሁ ላይ ይለወጣል፤ ቤት ስትሸጡም ስትገዙም ወፍራሙን ውሳኔ ለማያገባው ሁሉ ከማስነበብ አንድ ገጽ የምስክር ወረቀት ታሳያላችሁ። ለጠበቃ አቅም የሌላት ሴት ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብትሄድ ነጻ የሕግ ምክር ታገኛለች።

ይህ እትም እጃችሁ ሲገባ ሰኔ ነው። ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ የክረምት ዕረፍት ይወጣሉ፤ ተረኛ ችሎቶች አስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ነው የሚያዩት። ለመስከረም ሠርግ የቆረጣችሁ ወይም በክረምት ቤት ልትሸጡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ያላችሁ የሰኔና የሐምሌ የሥራ ቀናት ናቸው፤ ጠዋት ሂዱ፣ የስማችሁን ሦስት ዓይነት አጻጻፍ በወረቀት ይዛችሁ።